ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ምልክት

ኢንተርኔት ሞያሌ ሲገባ እኔ «ግመል ማወቅ ይበቃኛል» ብዬ የተኮፈስኩ ሽማግሌ ነበርኩ። ታዲያ አንድ ቀን በኬንያው በኩል ሳይበር በሚሉት ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ስደናበር፣ አንድ መንገደኛ የለጠፋቸውን የከተማችንን የድሮ ፎቶዎች አገኘሁ። በአንዱ ላይ ሦስታችን ከጭነት መኪና ፊት ቆመናል፦ እኔ፣ ታላቅ እህቴና ግራኙ ታናሽ ወንድማችን። ወንድማችን በዚያው ዓመት እንደወጣ ቀረ። ልቅሶውን ተቀመጥን፤ ፎቶው ግን በእጃችን አልነበረም።

ሰው የገጹን አድራሻ ወረቀት ላይ ይጽፋል። እኔ ብልሁ ኮምፒውተሩን እንደ ግመል አተምኩት፤ ጀርባው ላይ የአባታችንን የግመል ምልክት፣ ክብና ሰረዝ፣ በሚስማር ጫርኩበት። የመጀመሪያዋን ፊደል ስነካ ቀሪውን ማሽኑ ራሱ ስለሚሞላልኝ፣ ገጹ እዚያ ሳጥን ውስጥ የሚያድር መስሎኝ ነበር።

ዳበል መንደር የምትኖረውን እህቴን ዓይኗን ሞራ እየጋረደው መጣ። «ሳይጨልምብኝ ፊቱን አሳየኝ» አለችኝ። አመጣኋት። ምልክቴ አለ፤ ፊደሏን ብነካ ግን ምንም የለም።

«ምዜ፣ ይሄኛው እኮ ሰሞኑን ፎርማት ተደርጓል። የያዘው ሁሉ ተጠርጓል» አለች የሳይበሩ ባለቤት፣ በስዋሂሊ ሽማግሌው ብላ እየጠራችኝ።

እህቴ ሳቀች። «ግመሉን አትመህ ጭነቱን አስዘረፍክ።»

የሳይበሩ ባለቤት አዝናልን ሌሎቹን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ሞከረች። ጥግ ላይ ባለው ማሽን ፊደሏን ስትነካ አድራሻው ተግተልትሎ ወረደ፤ ፎቶው ተከፈተ። እህቴ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አስጠጋች።

እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

«ማነው ይህን የከፈተው?» አልኳት ሴትየዋን።

አተኩራ አየችኝ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ? ሐሙስ ሐሙስ ጀርባዎን ሰጥተው ይህንኑ ፎቶ ሲያዩ ይቆያሉ። ሰላም ስልዎት እንኳ አይመልሱልኝም።»

ሐሙስ እኔ ከብት ገበያ ነኝ። ጃጅቼ ይሆን ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ፤ እንደ እኔ ላለ ሰው ሩቅ አይደለም። ለማንኛውም ብዬ ሚስማሬን አወጣሁ፤ ይሄኛውንም ላትመው ሳጥኑን አዞርኩት።

ክቡና ሰረዙ እዚያው ነበሩ። ሰረዙ ወደ ግራ አጋድሏል። ግራኙ ወንድማችን ሰረዙን የሚያጋድለው እንዲህ ነበር፤ አባታችን ቢገርፈውም አልተወም።

እህቴ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«እንግዲያው እስከ ሐሙስ ዳበል አልመለስም» አለች።