ቨርጂል ፈትቶ የጣላት ወንበር

በቤከርስፊልድ የጥጥ ገበሬውም ነዳጅ ቆፋሪውም የሚምልበት አንድ ወሬ አለ። ዳቦ ጋጋሪው ቨርጂል ታኬት፣ ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ለመኪና እሽቅድምድም በቀረው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ፍቅረኛውን ኦፓልን የፎርዱ የኋላ ኮፈን ላይ አስቀምጦ እየነዳ ተፎካካሪውን ሮስኮ ፔቲን ድባቅ መታው፤ ከዚያም ተንበርክኮ ለጋብቻ ጠየቃት ይባላል። ወሬው ከመኪናዋ ይልቅ ይፈጥናል። ባለፈው ቅዳሜ ስሰማው የኦፓል ጫማ ሳይቀር በግለት ቀልጦ ነበር።

እኔን ግን ወሬው ጉሮሮዬ ላይ ይቆምብኛል። ኦፓል ቁርስ የምንበላበት ቤት አስተናጋጅ ናት። ክርናችንን ባንኮኒው ላይ ስናሳርፍ በእርጥብ ጨርቅ የምትገርፈን ሴት፣ ቆርቆሮ ላይ እንደ ዶሮ ሰፈረች ብሎ ማን ያምናል? ደግሞ የዚያን ቀን አቧራው ሰው የገዛ አፍንጫውን አላሳየውም። ውድድሩን አጥርቶ ያየው ያልመጣው ሰው ብቻ ነው።

የማውቀውን ልንገራችሁ። ቨርጂል ፎርዱን ከአንድ ገበሬ በረት ሲያወጣት ዶሮዎች አንለቅም ብለው አብረው ወጥተዋል። ሞተሯን ከቀየረላት በኋላ «መኪና ሲቀል ይፈጥናል» የሚል እምነት ያዘውና መፍታት ጀመረ። ፓራፋንጎ ፈታ፣ የሞተር ኮፈን ፈታ፣ መስታወት ፈታ፤ የበሩን እጀታ ሳይቀር ነቅሎ በሲባጎ ተካው። እሱ ራሱ በበር በጎኑ የሚገባ ሰው ነው፤ ከገዛ ሆዱ ላይ ግን አንዲት ቡሎን አላላላም።

መጨረሻ ላይ የኦፓልን ወንበር ፈታ።

ኦፓል ከሥራ ወጥታ ልትሳፈር ስትል ባዶ ወለል ጠበቃት።

«እኔ የት ልቀመጥ ነው?»

«የኔ ቆንጆ፣ ወንበሯ እኮ ትከብዳለች።»

«ወንበሯ ናት የከበደችህ ወይስ እኔ?»

ቨርጂል ለመመለስ ትንሽ ዘገየ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ ዘግይቶ በሰላም የገባ ወንድ እስካሁን አልሰማሁም።

«ስማ» አለችው፣ «እሑድ ካሸነፍክ ልክ ነበርክ እላለሁ። ከተሸነፍክ ግን ያቺኑ ወንበር አግባት!»

እሑድ ጠዋት ለሙከራ ቤንዚን ሲሰጣት፣ ፎርዷ ባለችበት ጎማዋን አሽከረከረች። ጭስ እንጂ ጉዞ የለም። ሮስኮ ፔቲ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተዬ፣ ዳቦው አረረብህ እኮ! ገልብጠው!»

ቨርጂል ላብ በላብ ሆነ። ሚስት ሊሆኑት የነበሩ ሁለት እግሮች ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሲሄዱ ታዩት። እግሮቹ ግን ወደ እሱ መጡ።

«ኋላዋን አራቆትካት» አለች ኦፓል። «ምን ተጭኗት ጎማዋ መሬት ይጨብጥ? የአባቴ ጥጥ ጫኝ መኪና ጭቃ ሲይዘው ኋላው ላይ ሰው እናወጣ ነበር።»

ተያይተው መኪናዋን ሜዳው ዳር ካለው ጎተራ ጀርባ ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ያየሁት የማስጀመሪያው ባንዲራ ሲወርድና አቧራው ሲነሳ ነው። አቧራው ሲጠራ ፎርዷ መስመሩን አልፋ ቆማለች፤ ሮስኮ ገና ይመጣል።

ትናንት ቁርስ ላይ ቨርጂልን አፋጠጥኩት።

«ኦፓልን ኋላ አስቀምጠህ ነዳህ የሚባለው እውነት ነው?»

«ውሸት ነው።»

«ብቻህን ነበርክ በለኛ።»

«አልነዳሁም።»

ኦፓል ቡና እየቀዳች «ንገረው እንጂ!» አለች።

ቨርጂል ሹካውን አስቀመጠ። «የተፈለገው ክብደት ነው። ከሁለታችን ክብደት የሚመስልህ ማን ነው? ኮፈኑ ላይ የተጎለትኩት እኔ ነኝ። የነዳችው እሷ ናት።»

«ተንበርክከህ የጠየቅሃትስ?»

«ከኮፈኑ ወድቄ ነው እንጂ አልተንበረከክሁም። የጠየቀችውም እሷ ናት፤ ‹ወንበሬን ዛሬ ትመልሳለህ ወይስ ነገ?› አለችኝ። ዛሬ አልኳት። ወሬያችሁ አንዲት እውነት የለችበትም።»