በሊትር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር

መሥሪያ ቤታችን አንዲት ፒክአፕ ነበረችው። ሹፌሩ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። አፋችን ጋሼ ይበል እንጂ ልባችን ሌባ ይላቸው ነበር። ናፍጣ ጠፍቶ ወረታ ከተማ ማደያው በር ላይ የመኪና ሰልፍ አስፋልቱን ይዞ የሚውልበት፣ ናፍጣ በጀሪካን ጓዳ ለጓዳ የሚቸረቸርበት ጊዜ ስለነበር የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሁሉ ይጠረጠራል። እኔም ማስረጃ ሳይኖረኝ ጠረጠርኳቸው።

የመኪናዋ ፍጆታ ይለካ ተባለ፤ ለኪውም እኔ ሆንኩ። ቁጥር አይዋሽም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። በየካቲት፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ፣ ታንኩን እስከ አፉ አስሞልቼ በአስፋልቱ ባሕር ዳር ደርሰን ተመለስን። ጭነት የለ፣ ጭቃ የለ። የጎደለውን መልሰን ስንሞላ በአንድ ሊትር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ለአሮጌ ፒክአፕ ግሩም ነው። እኔን ደስ ያለኝ ግን በእሷ አልነበረም፤ ሰውዬውን የያዝኳቸው መስሎኝ ነው።

«ልጄ፣ አስፋልት ላይ ነው እኮ የለካሃት» አሉኝ። «ክረምት ሲገባ ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ዋልካው ጭቃ ውስጥ አስገብተህ ለካት። በሊትር አራት ከሄደችልህ ሳማት።»

ሁላችንም ሳቅን። የልኬቱን ቃለ ጉባኤ ጻፍኩና ፈረምኩበት። ከዚያ ወዲህ በየሰኞው የሳምንቱን ጉዞ ለአሥራ ሁለት እያካፈልኩ ናፍጣ እሰጣለሁ። ለክፉ ቀን ብዬ ጠብታ አልጨመርኩም።

በነሐሴ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ የገበሬውን ሩዝ ዋጠው። ጉዳቱን አይታችሁ ኑ ተብለን በአንድ ሐሙስ ስንነሣ ጋሼ የናፍጣውን ጌጅ አሳዩኝ። ቀስቱ ታች ወርዷል።

«ይህ ደርሶ መልስ አይሆነንም።»

«በሒሳቡ እስከ ዓርብ ይበቃል» አልኳቸው። ይህችን ንግግሬን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። እሳቸው አልተከራከሩኝም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል።

ከቁሐር ሚካኤል አልፈን ጋሼ አራቱም ጎማ እንዲጎትት አድርገው በአንደኛ ማርሽ ሲሄዱ ሞተሩ ያቃስት ነበር። የሰው እርምጃ ይቀድመናል። እኩለ ቀን ላይ ልንመለስ ስንል ውኃውን እየሰነጠቁ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መጡ። ከፊት የደብሩ ቄስ አሉ። ቃሬዛው ላይ የልጃቸው ሚስት ነች፤ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። አምቡላንስ በጎርፉ ምክንያት መግባት አልቻለም።

«በወላዲተ አምላክ፣ አድርሱልን» አሉ ቄሱ።

ሴትዮዋን ከኋላ ወንበር አስተኛናት፤ አብረው የመጡት አማቷ፣ የቄሱ ባለቤት፣ ራሷን ይዘው ተቀመጡ። ቄሱ ከኋላ ጭነት ማስቀመጫው ላይ ወጡ። ጋሼ ጌጁን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ፤ ነዱ።

አስፋልቱ እየታየን፣ መኪኖች ሲያልፉበት እያየን፣ ፒክአፗ ሁለት ጊዜ አንገራገረችና ቆመች። ጋሼ ጀሪካን አንሥተው በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃውን እየሮጡ ሄዱ። በዚያ ጊዜ ናፍጣ የሚሰጥ ሹፌር ከየት ይመጣል? እጃቸውን እያነሡ ሲለምኑ፣ መኪናው ሁሉ ሲያልፋቸው ከሩቅ አያለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆመላቸው። ጥቂት ናፍጣ ይዘው ሲመለሱ ደግሞ የናፍጣው መስመር አየር ስቦ ኖሮ ሞተሩ እምቢ አለ። የናፍጣውን ፓምፕ በእጃቸው እየገፉ አየሩን እስኪያስወጡ ሌላ ጊዜ ሄደ። ከመኪናው ውስጥ አማቲቱ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ልጅቷ መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ በኋላ ድምጿ ጠፋ። እኔ ዝናብ ላይ ቆሜ ምንም አልሠራሁም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ እናቲቱ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ ሳይተነፍስ ወጣ። አዋላጇ ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሣን ጠየቀችን። ስንነግራት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

በሪፖርቱ ላይ «በጎርፉ ምክንያት መዘግየት አጋጥሟል» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ጋሼም አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ውኃው ሲጎድል ቄሱ በእግራቸው ወረታ ድረስ መጥተው ቢሮዬ ገቡ። ጋሼ የመውጫ ወረቀት ሊያስፈርሙኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«እናንተ ባትደርሱልን ምራቴንም አጥቻት ነበር» አሉ ቄሱ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ዋጋህን ይክፈልህ። ክፉ አይንካህ። ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።»

ብድግ ብዬ፣ አባ፣ ናፍጣውን የነፈግኩት እኔ ነኝ፣ ልል ነበር። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ጋሼ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ጎንበስ ብዬ መስቀሉን ተሳለምኩና «አሜን» አልኩ።