በአንድ ጉርሻ ያፈረስኩት ሽምግልና

ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰው ቤት ምሳ ላይ ነው። ሁዳዴው ትዝ የሚለኝ እኔ ጿሚ ሆኜ አይደለም፤ አብረውኝ የነበሩት ጋሽ ጌታቸው ጾመኛ ስለነበሩ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ሽምግልና ሄጃለሁ። አውቄ ያበላሸሁት ግን የዚያን ቀኑን ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ከአገር ወጥቼ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ሰው ሁሉ አንደበተ ርቱዕ ነህ ይለኛል፤ እኔም አልክድም። እስከዚያን ቀን ድረስ ስምንት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ ሄጄ አንድም ጊዜ ባዶ እጄን አልተመለስኩም ነበር።

ዘዴዬ ቀላል ናት። ገበታ ሲቀርብ እጄን አጣጥፌ «ይሁንታችሁን ሳንሰማ የቤታችሁን እህል አንቀምስም» እላለሁ። የአገራችን ሰው ደግሞ እንግዳ ፊቱ ላይ ጾሙን ሲቀመጥበት አይችልም። «ቀጠሮ እንሰጣለን» ብሎ የጀመረ አባት ወጡ ሳይቀዘቅዝ «በሉ እሺ፣ ብሉልን» ይላል። ታዲያ እሺታውን ሳይሰማ የጎረሰ ሽማግሌ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠራል። አባቴም አያቴም ሲሸመግሉ ይህን ደንብ ሲጠብቁ አይቻለሁ።

ያን ሰሞን የእህቴ ልጅ ከማል ፊቱ ጠቁሮ ቤቴ መጣ። ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የተዋወቃት ሳይራ የምትባል ልጅ ነበረችው። አባቷ ታሪቅ ፓኪስታን ተወልዶ በልጅነቱ እንግሊዝ አገር ገብቶ ያደገ ሰው ነው። እናቷ ሄለን እንግሊዛዊት ናት። ሳይራ ትንሽ ልጅ ሳለች በአባቷ ሥራ ምክንያት ወደዚህ አገር መጡ። የታሪቅ እናት እማማ ረዚያም ዐይናቸው ሲደክም ከእንግሊዝ መጥተው አብረዋቸው ይኖሩ ነበር።

«አጎቴ፣ አባቷ ኖ ብለዋል» አለኝ ከማል። «እንግሊዝ ያለ የዘመዳቸው ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊያያት ይመጣል። ሳይራ ደግሞ ያለ አባቴ ፈቃድ ማንንም አላገባም ብላለች። ፕሊስ፣ አንድ ጊዜ ሄደህ አናግርልኝ።»

«ሃይማኖታችን አንድ አይደለም እንዴ? ምን ጎደለን?»

«አላውቃቸውም ነው የሚሉት።»

የሚገርመው፣ ታሪቅ ራሱ ሄለንን ያገባው እናቱን አስቀይሞ ነው። እናትና ልጅ ስምንት ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። ሳይራ ይህን ስለምታውቅ አባቷ ሲከለክላት እልህ ያዛት፤ ስካይላይን አፓርትመንት ተከራይታ ከቤት ወጣች። አራት ወር ሙሉ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በእናትየዋ በኩል ነበር።

«አይዞህ፣ እሺ አሰኝቼልህ እመጣለሁ» አልኩት። እኔ እንዲህ ነኝ።

ሄለን ቀን አስያዘችልን። ሀጂ ይማምንና ጋሽ ጌታቸውን ይዤ ሄድኩ። ወሎ ሽማግሌ ሲላክ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የሚሄደው፤ እዚህም አልተውነውም። ከማል በመኪናው አደረሰንና በር ላይ መኪናው ውስጥ ቀረ። ጠያቂው ልጅ ሽምግልናው መሐል አይገባም።

ስንገባ ምሳው ተደርድሮ ጠበቀን። ሩዝ በሥጋ፣ የሽምብራ ወጥ፣ ትኩስ ቂጣ፣ ተምር። እማማ ረዚያ ነጭ ሻሻቸውን አድርገው በገበታው ራስ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። አሮጊቷ ገና ሳንቀመጥ «ብሉ፣ ብሉ» ይሉናል፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል። እኛ ግን የመጣንበትን ጉዳይ ቆመን ተናግረን ነው የተቀመጥነው።

ታሪቅ በጨዋ ደንብ ሰማንና «መጀመሪያ እንብላ፣ ከዚያ እናወራለን» አለ።

ዘዴዬን አወጣሁ። የመጣንበትን ሳናገኝ እህል እንደማንቀምስ በትሕትና ነገርኩት። ፊቱ ቀላ።

«በእኛ ቤት እንግዳ ሳይበላ ጉዳይ አይነሣም» አለ።

«በእኛ ደግሞ ጉዳዩ ሳያልቅ እንግዳ አይበላም» አልኩ ፈገግ ብዬ።

ጋሽ ጌታቸው በአማርኛ ሹክ አሉኝ፤ «እኔስ ድሮም ጾመኛ ነኝ፤ ለሀጂ እዘንላቸው እንጂ።»

ይሄኔ እናቷ ለዚያን ቀን ጠርታት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ የነበረችው ሳይራ አላስችል አላት። በአራት ወር ውስጥ ለአባቷ በቀጥታ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ «ዳድ፣ አንተ እናቴን ስታገባ ማንን አስፈቀድክ?»

«ማንንም!» አለ ታሪቅ። «ለዚህ እኮ ነው እምቢ የምልሽ። ስምንት ዓመት የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ኖሬአለሁ። ከማይተዋወቅ ቤተሰብ ጋር መጋባት ምን እንደሚያስከፍል እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ እንድትከፍዪው አልፈልግም።»

«የከፈልከው አንተ ብቻ ነህ?» አለች ሄለን ቀስ ብላ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተደበላለቀ። ልጅ ትናገራለች፣ አባት ይመልሳል፣ እናት በመሐል ትገባለች። እውነቱን ልናገርና እኔ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚጨቃጨቅ አባት እየለሰለሰ ያለ አባት ነው፤ በልምድ አውቀዋለሁ። እጄን እንዳጣጠፍኩ ቁጭ አልኩ። ሩዙ ቀዘቀዘ። አርባ ደቂቃ ያህል አለፈ።

ድንገት እማማ ረዚያን አየኋቸው። ብሉ ማለታቸውን ትተዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ጣቶቻቸው የገበታውን ጨርቅ ይጨመድዳሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። እናቴ ለብዙ ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ያን ላብ አውቀዋለሁ።

«ስኳር አለባቸው እንዴ?» አልኩ።

ሄለን ጮኸች። «የኢንሱሊን መርፌያቸውን ወግቻቸዋለሁ! ምሳው ደርሷል ብዬ፣ እናንተ ልትገቡ ስትሉ ነው የወጋኋቸው!»

ሮጣ የብርቱካን ጭማቂ አመጣች። አሮጊቷ አፋቸውን ገጠሙ። ታሪቅ ተንበርክኮ በቋንቋቸው ለመናቸው። ብርጭቆውን በእጃቸው ገፉት፤ ጭማቂው ሻሻቸው ላይ ፈሰሰ። «እንግዳው አልቀመሰም» አሉ በተሳሰረ አንደበት፤ «እንግዳ ሳይቀምስ እኔ አልቀምስም።» ስኳር ሲወርድ ሰው ግትር ይሆናል፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ሳይራ አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አነሣች፤ በድንጋጤ ቁጥሩን ትስታለች።

ወደ እኔ ማንም አላየም። እኔ ግን ገባኝ። ሴትዮዋን ጾማቸውን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ከነዘዴዬ፣ ከነኩራቴ። ከማል በር ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አጎቴ እሺ አሰኝቶልኝ ይወጣል ብሎ ይጠብቃል። ከበላሁ የእሱ ነገር አለቀ። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ግን ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

«ቢስሚላህ» ብዬ ከቀዘቀዘው ሩዝ በእጄ አንሥቼ ጎረስኩ። ፊታቸው ቀርቤ እያላመጥኩ «እማማ፣ ይኸው በላሁ። አሁን የእርስዎ ተራ ነው» አልኳቸው።

በደከመ ዐይናቸው አገጬ ሲንቀሳቀስ ትንሽ አዩ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ሄለን እንደገና ሞልታ ያመጣችውን ብርጭቆ እስከ ታች ጠጡት፤ ሳይራ ስልኩን ጥላ ተምር አጎረሰቻቸው።

«አለቀ» አሉ ሀጂ ይማም ከኋላዬ በአማርኛ። ስለ አሮጊቷ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ላቡ ደረቀ፤ ሴትዮዋ ወደ ራሳቸው ተመለሱ። እኔም ብድግ አልኩ። «አቶ ታሪቅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይዤው የመጣሁትን ጥያቄ በእጄ አፍርሻለሁ፤ ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም» አልኩና ጃኬቴን አነሣሁ።

«ቆይ» አሉ እማማ ረዚያ። «ምንድን ነው ያፈረስከው?»

ደንባችንን አስረዳኋቸው። እሺታ ሳይሰማ የበላ ሽማግሌ ጉዳዩን ትቶ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሄለን አዞሩ።

«አባትሽ እንግሊዝ አገር እኔ በር ላይ መጥቶ ነበር» አሏት።

ሄለን ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። «አባቴ? መቼ?»

«ሳትጋቡ በፊት። ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ልጆቹን እንፍቀድላቸው አለኝ። ሻይ እንኳ ሳልሰጠው በሩን ዘጋሁበት። በዕድሜዬ ከቤቴ ጾሙን የተመለሰ እንግዳ እሱ ብቻ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ እናንተ አንበላም ስትሉ እሱ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ።»

የሄለን አባት ከሞተ ቆይቷል። መሄዱን ለልጁም አልነገራትም ነበር። ሄለን አማቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አሮጊቷ ፀጉሯን ይዳስሱላት ጀመር። እኔም እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ አላፍርበትም።

እማማ ረዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። «ይህ ሰው እኔን ለማትረፍ የእህቱን ልጅ ጉዳይ ጣለ። አንተ ደግሞ አላውቃቸውም ትላለህ። ከዚህ በላይ ምን ልታውቅ ነው የምትፈልገው?»

ታሪቅ ሳይራን ጠራት።

«ልጁ የት ነው ያለው?»

«መኪና ውስጥ። በር ላይ።»

«ምሳ በልቷል?»

«ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም።»

«ጥሪው፤ ይግባና ይብላ» አለ ታሪቅ፤ ሩዙን ራሱ አንሥቶ ሊያሞቅ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሳይራ ጫማዋን ሳታደርግ ነው ሮጣ የወጣችው። ጋሽ ጌታቸው ሽምብራው ቅቤ እንደሌለበት ሁለት ጊዜ ጠይቀው ሁለት ሳህን በሉ።

ዛሬ ከማልና ሳይራ ሁለት ልጆች አሏቸው። እማማ ረዚያ ሠርጉን አይተው በሁለተኛው ዓመት አረፉ፤ አላህ ይማራቸው። ታሪቅ አሁንም ከልጁ ጋር በየምክንያቱ ይከራከራል፤ ግን ፊት ለፊት ነው። ከእኔ ጋር ተዛምደናል። አንድ ጊዜም አብሮኝ ሽማግሌ ሆኖ ሄዷል።

ሀጂ ይማም ደንብ አፈረስክ ይሉኛል። አዎ፣ አፍርሻለሁ። ሽምግልና ግን አልተውኩም፤ ጠሪም አላጣሁም። አሁን ገበታ ሲቀርብ እጄን ታጥቤ መጀመሪያ እበላለሁ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ። እስካሁን ባዶ እጄን አልተመለስኩም።