የአብዱልሃሚድ ቁርጥ ዋጋ

አብዱልሃሚድ መናኸሪያ አጠገብ መድኃኒት ቤት ከመክፈቱ በፊት ሃያ ዓመት ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ደርግ ወድቆ የንግድ ቁጥጥሩ ሲላላ ጨርቁን ተወና፣ ሩሐማ የምትባል ፋርማሲስት ቀጥሮ ወደ ኪኒን ዞረ። ጠባዩ ግን ከጨርቁ ጋር አልቀረም። ኪኒንም በክርክር ይሸጥ ነበር።

እኔ ከጎኑ ፎቶ ቤት ነበረኝ። የሚለየን የቺፑድ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ሁሉን እሰማለሁ። ፈልጌ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ፈልጌም ነው።

ሩሐማ በየሳምንቱ፣ "ጋሼ፣ መድኃኒት እኮ በቁርጥ ዋጋ ነው የሚሸጠው" ትለዋለች።

"ማዶ ያለው የሸማቾች ማኅበሩ መድኃኒት ቤት ቁርጥ ዋጋ አለው አይደል? ስትጠይቂያቸው ምን ይሉሻል? 'የለም' ይሉሻል። እስቲ 'የለም' በስንት ይሸጣል? ሲዋጥስ በውኃ ነው በሻይ?" ይላታል።

እኔ መንግሥት ዋጋ ይቁረጥ ባይ ነበርኩ፤ በዚህ ስንት ቀን ተኳርፈናል። ግን የማዶው ርካሽ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝና፣ ሳል ሲይዘኝ እያጉረመረምኩ እሱ ጋ እገባለሁ።

በክርክር አቻው እትዬ ሸዋዬ ነበረች፤ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ የደም ግፊት አለባት። በየወሩ ኪኒኗን ልትገዛ ስትመጣ እኔ ፎቶ ማንሳት አቆማለሁ፤ ደንበኛዬ በሳቅ ፊቱ ይበላሻል። "ቅቤ ሲቀልጥ ይታያል፤ የዚህ ጥራቱ በምን ይታወቃል?" ትላለች ኪኒኑን ወደ ብርሃን ይዛ።

አንድ ቀን ግን አብዱልሃሚድ ራሱን አዞረውና ወደቀ። ግፊት ነው ተባለ። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘለትና ጨው ቀንስ፣ ከሁሉ በላይ ክርክር ተው አለው። ጨውስ ይቻላል። ሩሐማ ይህችን አጋጣሚ ስትጠብቅ ኖራ በየካርቶኑ ላይ ዋጋ ለጠፈች። እሱም "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሳይከራከር ከፍሎ ሲወጣ በዓይኑ እስከ በሩ ይሸኘዋል። አሳዘነኝ።

ሸዋዬ በወሩ መጣች።

"ስንት ትተውልኛለህ?"

"ሃያ ሁለት ብር፣ ቁርጥ ነው እትዬ።"

"ቁርጥ ካማረኝ ሥጋ ቤት እሄዳለሁ" ብላው ወጣች።

ሁለት ሳምንት ጠፋች። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ይዛ በበራችን ስታልፍ አየናት። አብዱልሃሚድ ብድግ ብሎ ጠርቶ አስገባት፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ።

"ኪኒንሽን ከየት ነው የምትገዢው?"

"ከየትም። ሳልከራከር የገዛሁት መድኃኒት አያሽረኝም።"

ሩሐማ ደንግጣ አንድ ካርቶን አወጣች። "እንኩ እማማ፣ በነፃ ይውሰዱት።"

"ለማኝ መሰልኩሽ?" አለች ሸዋዬ፤ ባንኮኒውን ተደግፋ እንኳ ተቆጣች።

ሐኪሙ ምን እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ካርቶኑን ከሩሐማ እጅ ወሰደ፤ የተለጠፈውን ዋጋ በአውራ ጣቱ ሸፈነና "አርባ ብር" አለ።

የሸዋዬ ፊት በራ። "አስር።"

"በአስር ብር ማን ከውጭ አገር ያመጣልሻል?"

"አንተ መቼ ሄድክ? ወንበር ላይ ነው የምትውለው።"

የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አነሳ፤ የሟች ባሏን ስም ጠራች። አንዴ ጥላው ልትሄድ እስከ በሩ ደረሰች፤ አንዴ እሱ ካርቶኑን መደርደሪያ ላይ መለሰው። ሩሐማ የግፊት መለኪያውን ታቅፋ መሃላቸው ቆማለች። እኔ ፈርቼ ነበር፤ ከዚህ ሰው ሌላ የምኮራረፈው ጎረቤት የለኝም።

ሃያ ሦስት ብር ላይ ተጨባበጡ።

ሸዋዬ ኪኒኗን እዚያው ዋጠችና "አስራ ሰባት ብር አስጣልኩት" እያለች ሄደች። ሩሐማ የአብዱልሃሚድን ግፊት ለካች፣ መሣሪያውን ነቀነቀች፣ ደግማ ለካች። ወርዷል።

"ለሐኪሙ እንዳትነግሪው" አላት።

በወሩ ሸዋዬ ስትመጣ ዋጋውን ሸፍኖ ጀመረ፤ እየተንገበገበ፣ እየማለ ሃያ አንድ ላይ እጅ ሰጠ። ያለፈው ወር በትርፍ የከፈለችውን ያቺን አንድ ብር መመለሱ እንደሆነ የገባው ለእኔና ለሩሐማ ብቻ ነው። ሸዋዬ ስትወጣ ወደ ፎቶ ቤቴ ብቅ አለች። ከልቧ አዝናለች።

"ጎረቤትህ ደክሟል" አለችኝ። "ዋጋ መያዝ አቅቶታል። ለመሆኑ ኪኒኑን በደንብ ይውጣል?"