ፓውዛው ስር የሚለቅሙት ወፎች

ፓውዛውን ያስተከልኩት እኔ ነኝ። የውሃ ቆጣሪያችን ከተሰረቀ በኋላ የግቢው ጨለማ አናደደኝ። ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት ስለተቀመጥኩ ይሁን አላውቅም፣ አንድ ነገር ቶሎ ካልተስተካከለ ያቃጥለኛል።

እማማ፣ ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የሚኖሩት አሮጊት፣ መሰላሉ ሲቆም አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ለስታዲየም ነው ወይስ ለኛ?» አሉኝ።

«ሌባ እንዳይገባ ነው፣ እማማ።»

«ምን ቀረው? እኔን ይወስድ እንደሆነ እንጂ።»

እማማ በሰዓት አይነሱም። ልጃቸው አላርም ሞልታ የሰጠቻቸው ስልክ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው። ወፍ ሲንጫጫ ይነሱና ነጠላቸውን አጣፍተው ቁስቋም ኪዳን ይሄዳሉ። ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ናቸው።

ክረምቱ ሲገባ አሸን ፈላ። ፓውዛው ስር ሲሚንቶው ክንፍ በክንፍ ሆነ። ከዛ ወፎቹ መጡ፤ እነዛ ሆዳቸው ብርቱካንማ የሆነው፣ ቀን አጥሩ ስር ቅጠል ሲገለብጡ የሚውሉት። ሌሊት ሽንት ቤት ስወጣ ነው ያየኋቸው። እየዘለሉ ይለቅማሉ፣ ሲጠግቡ አጥሩ ላይ ወጥተው ልክ እንደነጋ ይጮሃሉ። ቪዲዮ ቀርጬ ለጓደኞቼ ላክሁ። አንዷ «ወፍም ናይት ሺፍት ገባ» ብላ ጻፈችልኝ። ስቄ ተኛሁ።

በዛው ሰሞን እማማ ወፍ ሰምተው ተነሱ። በራቸውን ሲከፍቱ ደግሞ ግቢው ቀን መስሏል። ዳገቱን ሲወጡ ጨለማውን የደመና ነው ብለው አለፉት። የቤተክርስቲያኑ በር ዝግ ነበር። ዝናብ እየመታቸው ደጁ ላይ ቁጭ አሉ። ለኪዳን የመጡ ሰዎች ናቸው ሲንቀጠቀጡ አግኝተዋቸው ደግፈው ያመጧቸው።

ልጃቸው መጥታ ተቆጣች። «እማ፣ በውድቅት ሌሊት ወፍ ሰማሁ ብለሽ ትወጫለሽ? በቃ፣ ካሁን በኋላ ኪዳኑን በቲቪ አድርሺ።» የውጪውን በር ቁልፍ ይዛባቸው ሄደች።

ለሰው ሁሉ መልስ የማያጡት ሴትዮ ነጠላቸውን አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱ። ሾርባ ሳመጣላቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት። የሌለ ነገር መስማት» አሉኝ።

ቪዲዮው ኪሴ ውስጥ ነበር። «እ... ማለቴ» አልኩና፣ «ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብዎት» ብዬ ወጣሁ። ፊት ለፊት ተናጋሪ ነኝ እያልኩ የምመጻደቀው እኔ።

ያን ቀን ሲመሽ ጋቢ ደርቤላቸው ደጃፋቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ወፎቹ መጡ። እማማ ጎንበስ ብለው አዩዋቸው።

«ላንቺም ይታዩሻል?»

«ይታዩኛል። ያን ሌሊትም ነበሩ። ከዛ በፊትም አይቻቸዋለሁ።»

«ሾርባውን ስታመጪስ?»

«አውቅ ነበር።»

አንዱ ወፍ እግራቸው አጠገብ ድረስ መጥቶ አሸኑን አንስቶ ሄደ። «እሱስ ምን ያድርግ» አሉ። «ነጋ ካሉት ይበላል። አንቺ ግን ተምረሻል።»

ፓውዛውን አጠፋሁት። ለልጃቸውም ደውዬ ነገርኳት፤ የሚገባኝን ያህል ሰደበችኝ፣ ቁልፉንም መለሰች። ወፎቹ አሁን የሚጮሁት ሲነጋ ነው። እማማ ግን አላመኗቸውም። ሲሰሙ መጀመሪያ የኔን መስኮት ያንኳኳሉ።

«ልጄ፣ ነጋ?»

«ነግቷል፣ እማማ።»

አይሄዱም። ከአልጋዬ ወርጄ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ሰማዩን አብሬያቸው እስካይ ቆመው ይጠብቁኛል።