ጉዳቱ የታለ?

በጣሊያን ጊዜ ነው። አዲሱ መንገድ ከጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢትን ሲያልፍ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አፈሩንና ድንጋዩን እያመጣ ይደፋበት ነበር። ጣሊያኖቹ በገኑ። እኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ሳይለን አልቀረም። በመጨረሻ የመንገድ ሥራው ሹም ከመንገዱ በላይ ባለው መሬት ላይ በመንግሥት ወጪ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ላሠራ ነው አለ። ድንጋዩን በካሚዮን ያመጣል፤ ስሚንቶውንም ግንበኛውንም እሱ ይችላል።

አስተርጓሚው ሮቢት ገበያ መሐል ቆሞ ሕጉን ለፈፈ፤ ከመንደራችን ገበያ የወረድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መሬቱ ከመንገዱ በላይ መሆን አለበት። ጎርፍ የቦረቦረው መሆኑን ሹሙ በዓይኑ ማየት አለበት። ባለቤቱ ሥራ የጀመረበት ወይም ሰው ሆን ብሎ ያበላሸው መሬት ግን አይታይም።

ይህን ስሰማ እልል ማለት ቀረኝ። አባቴ የተወልኝ አንዲት የማሽላ ማሳ ነበረችኝ፤ ባሌን ከፈታሁ ወዲህ የምተዳደረው በእሷ ነው። መሐሏ ላይ ቦረቦር ገብቶባት በየክረምቱ ግራና ቀኝ ይገምሳታል። አንድ ክረምት ከደገማት የምዘራበት አይተርፈኝም። «የጠላት ስሚንቶ ነው፣ ይቅርብሽ» ያለኝ ገበያተኛም አልጠፋም። ጎርፉ ወዳጅና ጠላት ሳይለይ እየበላኝ ምን ልምረጥ ብዬ ስሜን አስያዝኩ።

ለጎረቤቶቼ ግን ዝርዝሩን ማን ይነግራል! ኩራቴ ነበረብኝ። ወንዝ ወርጄ ውሃ ስቀዳ «የመንግሥት ሹም ማሳዬን ሊያይ ይመጣል» አልኩና እንስራዬን አዝዬ ሄድኩ። ከዚያም ሹሙን መንገድ ልመራ ሮቢት ወረድኩ። ሹሙ ዛሬ ነገ እያለ ስላቆየኝ አክስቴ ቤት ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ሹሙና አስተርጓሚው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ቀድሜ መንደራችን ስንደርስ፣ ሰዉ ሁሉ ታጥቦ ለብሶ ማሳዬ ዳር ቆሟል። ቦረቦሩ የለም! ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ክትር ታግዶ፣ አፈር ተሞልቶ፣ ዳር ዳሩን እሬት ተተክሎበታል። ይባስ ብሎ፣ የሠርግ ዳስ ይመስል ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል።

ለካ እኔ ሮቢት ስጠብቅ እስላሙም ክርስቲያኑም ደቦ ወጥቶ ኖሯል። ደቦውን የጠሩት የታችኛው ቤት ጎረቤቴ፣ ዱዓቸው መሬት አይወድቅም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እንግዳ ሊመጣ ነውና የልጅቱን ገመና እንሸፍንላት ብለው።

ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ ዞር ዞር አለ። ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነገረው።

«ጉዳቱ የታለ? ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

«ጉዳት?» አሉ ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው። «ወላሂ፣ እኛ አገር ለእንግዳ ጉዳት አይታይም!»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚሁ የቆምንበት ላይ ሰው የሚውጥ ቦረቦር እንደነበረ እየማልኩ አስረዳሁ። ሹሙ ቄጠማውን አየ፣ እኔን አየ። ሥራ የተጀመረበት ነው፣ አይታይም ተባልኩ።

ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «እንግዲያው ጌታው ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ አሁኑኑ አፍርሰን እናሳያቸዋለን!» ጎረምሶቹም ዶማቸውን አነሡ። አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ሰው ያበላሸውም አይታይም፣ ጋሼ» አላቸው። ሹሙ በቅሎውን አዙሮ ወረደ።

ከዚያማ ያልተናገርኩት የለም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ማን አዘዛችሁ?» አልኳቸው። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። ሽማግሌው «አጥፍተናል ልጄ፣ አላህ ይካስሽ» ቢሉኝም ደሜ እንደፈላ ነበርና ጥያቸው ወደ ቤቴ ገባሁ። ካሚዮኑ ለሌሎች ድንጋይ ጭኖ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የደረደሩት፣ ስሚንቶ ያልነካው ክትር ያንን ጎርፍ ይችላል ብዬ አላመንኩም።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረና ጎርፉ ሲያጓራ ተሰማኝ። ጆንያ ደርቤ ሮጥኩ። ማሳዬ ስደርስ ሽማግሌው ቀድመውኛል፤ ልብሳቸው ገላቸው ላይ ተጣብቋል። የመንደሩም ሰው ማንም ሳይጠራው አንድ በአንድ ይመጣል። ጎርፉ ደርሶ የላይኛውን ክትር ሲመታው ከአናቱ ድንጋይ ተፈነቀለ። ሁላችንም ዘለን ገባን፤ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን የተከፈተውን ደፈንን። ጭቃ ስለለበስን ማን ማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ውሃው ታግሎ ታግሎ ሲያቅተው በደቦው ጊዜ በጎን በቀደዱለት ቦይ ወረደ።

ዝናቡ ሲያባራ ዞሬ አየሁ። ማሳዬ እንዳለች አለች። እንዲያውም ከላይ ካሉት ማሳዎች የታጠበው አፈር መጥቶ ክትሩ ሥር ተኝቶልኛል። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ደሞ ምን አጠፋን?» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው።

ያን ሁሉ ድንጋይ ተሸክመው፣ ደቦ ወጥተው፣ ከቤቴ ውሃ እንኳ እንዳልቀመሱ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «ተነሡ፣ ወደ ቤት» አልኩ። ሥጋ ቢለያየን ንፍሮ አይለያየንም፤ ማሽላና ማሾውን በትልቁ ድስት ጣድኩ። ቤቴ አልበቃ ብሎ እስከ ደጅ ድረስ ተቀመጡ። ከሁሉ አስቀድሜ ለሽማግሌው አቀረብኩና «ብሉልኝ ጋሼ፣ ደቦዬ ዛሬ ነው» አልኳቸው።