መጸጸታቸውን ልንሰማ የሄድን ዕለት

ደብዳቤው ሲደርሰን አባቴ ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ካለችው ሱቃችን በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰው ኮት ይገለብጥ ነበር። የነተበ ኮት ተፈትቶ ውስጡ ወደ ውጭ ሲሰፋ አዲስ ይመስላል፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ በዚህ ከተማ ስም ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው። የስፌት መኪናውን አቆመና «አንብቢያ!» አለኝ።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በሌላ የወለጋ ከተማ ባለ ሆስፒታል ለሚሰጠው የነርስነት ትምህርት አመልክቼ ነበር። እዚያ ካልገባሁ የሚጠብቀኝ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ቁልፍ መትከል ነው። ቁልፍ መትከል ደግሞ ነፍሴ አትወደውም።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአራት መስመር አይበልጥም። ዘንድሮ ቦታ እንደሌለ ገባኝ። መጀመሪያው ላይ ግን የማላውቀው ቃል ነበር፤ «ዊ ሪግሬት» ይላል። ተስፋዬን ሁሉ በዚያ ቃል ላይ ጣልኩ። ምናልባት «ለጊዜው» ማለት ይሆናል፣ ምናልባት «እንደገና እናየዋለን» ማለት ይሆናል እያልኩ ወደ እንግሊዝኛ መምህራችን ሮጥኩ።

መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነበራቸው፤ እጁን ያልታጠበ አይነካውም። ትርጉም ጠይቀናቸው ነግረውን አያውቁም፤ መጽሐፉን ያቀርቡና ራሳችን እስክናገኘው ይጠብቃሉ። አገኘሁት። ሰው ባደረገው ወይም ሳያደርግ በቀረው ነገር ሲያዝን፣ ሲጸጸት ማለት ነው። መምህሩ ፊቴን አይተው «ለወግ ያህል የሚጻፍ ነው፤ ብዙ አታስቢበት» አሉኝ።

እኔ ግን አሰብኩበት። ጸጸት እንዴት ለወግ ይሆናል? እኔ የማውቀው የተጸጸተ ሰው በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ የበደለው ሰው ደጅ ላይ የሚወድቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ተነስ እስኪሉት ድረስ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ፈረንጅ ሲጸጸት ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጓሁ።

ወደ በረንዳው ስመለስ የኮቱ ባለቤት ልካቸውን ሊያዩ መጥተው ነበር። የጉቶ ጊዳ ቡና ገበሬ ናቸው፤ በድንበር የተጣላውንም፣ ከሚስቱ የተኳረፈውንም የሚያስታርቁ ሽማግሌ። አባቴ በኦሮምኛው «ኦቦ» ይላቸዋል፣ አቶ እንደማለት። ያገኘሁትን ትርጉም ነገርኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉኝ፣ እጅጌ የሌለውን ኮት እንደለበሱ፣ «ተጸጽተናል ብለው በጽሑፍ አስፍረዋል?»

«ኤዬ፣ አባ።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

ወደ አባቴ ዞሩ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሰዎቹ በድለናል ብለው ልከውብሃል። ዝም ብትላቸው ነውሩ ያንተ ነው። ሄደን ይቅር እንበላቸው።»

አባቴ የመምህሩን ነገር ብነግረው አልሰማኝም። በሦስተኛው ቀን ኮቱ ተጠናቀቀ፤ ሽማግሌው ለበሱት፤ ሦስታችንም አውቶቡስ ላይ ወጣን። በሀፍረት አንገቴን ሰበርኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ማንም እንዳያስቀረኝ በመስኮቱ በኩል የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

የነርስ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቀጭን፣ ረጅም ፈረንጅ ናት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው «አከም ጅርቱ፣ አዴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏት፤ «ነጋ» ብላ ሰላምታውን መለሰች። ከዚያ ወዲያ ያለው በእኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

«ደብዳቤዎ ደርሶናል በያት» አሉኝ ሽማግሌው፤ « መጸጸቷን አይተን፣ እኛም ይቅር ልንል መጥተናል። በደሉን ግን አልነገረችንም። ምን አድርጋን ነው የተጸጸተችው?»

በተማሪ እንግሊዝኛዬ እየተንተባተብኩ አስተረጎምኩ። ሴትየዋ ደብዳቤውን አየች፤ እኔን አየች። አልሳቀችም። ስለዚህ ብቻ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። መሳቢያዋን ሳበችና በካርቦን የተገለበጡ ደብዳቤዎች ክምር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሁሉም አንድ ናቸው። ሁሉም «ዊ ሪግሬት» ይላሉ፤ የሚለያየው ስሙ ብቻ ነው።

አባቴ መነጽሩን አደረገና አንድ በአንድ አገላበጣቸው። እንግሊዝኛ አያነብም፤ ልክ ግን ያውቃል።

«ይህን ሁሉ ሰው ሳትለካ ነው የሰፋችለት» አለ።

«ይህንንም ልበላት?»

«በያት እንጂ!»

አልኳት። ፊቷ ቀላ። እንዲገባኝ ቀስ ብላ፣ ያንኑ ቃል እየደጋገመች ተናገረች። «ስጽፈው አልተጸጸትኩም ነበር። አላውቅሽም ነበር። አሁን ግን ተጸጽቻለሁ።»

ቃሉ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ከዓይኗ። «ቦታውስ?» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ራሷን ነቀነቀች። የተማሪዎቹ ማደሪያ አልጋዎች ሞልተዋል፤ ለሚመጣው ዓመት ግን እንደገና አመልክቺ አለችኝ። ለአባቶቼ አስተረጎምኩና እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ።

ሽማግሌው ግን «ዱጋ ተናገረች፣ እውነቷን ነው» ብለው ተነሥተው ጨበጧት። አባቴም ጨበጣት። ለእነሱ ነገሩ አለቀ። እኔ ተናደድኩ፤ በእሷም፣ በእነሱም። እርቅ ለምኔ? እኔ የፈለግሁት አልጋ ነው። ነቀምቴ እስክንገባ ሁለቱንም አላነጋገርኳቸውም።

ዓመቱን ሙሉ ቁልፍ ተከልኩ። እንደገናም አመለከትኩ። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ከፈትኩት፤ «ዊ አር ፕሊዝድ» ይላል። ለዚህ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ስዘል የቁልፉን ጣሳ ረገጥኩትና ቁልፎቹ በረንዳው ላይ ተበተኑ።

አባቴ የስፌት መኪናውን አቆመ። «ምን አሉ?»

«ተቀበሉኝ! ደስ ብሎናል ይላሉ!»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ የራሱን ኮት ከምስማሩ አወረደ።

«ኦቦን ጥሪልኝ» አለ። «እውነት ደስ ብሏቸው እንደሆነ ሄደን እንያቸው።»